ከደሴ አዲስ አበባ በክረምት በትንሽ መኪና፦ ችግሮች፣ ምክንያታቸውና መፍትሔያቸው

ከደሴ አዲስ አበባ ያለው መንገድ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ትንሽ መኪናን የሚፈትናት ግን ርቀቱ ሳይሆን የከፍታው መለዋወጥ ነው። ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር፣ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ሐረጎን ወርደው ኮምቦልቻ ሲገቡ 1850 ሜትር ገደማ ላይ ነዎት፤ በሐርቡ፣ በከሚሴና በአጣዬ አልፈው ሸዋ ሮቢት ሲደርሱ ደግሞ 1300 ሜትር እንኳ የማይሞላ ቆላ ያገኛሉ። ከዚያ በኋላ በ50 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ በደብረ ሲና በኩል እስከ ጣርማ በር ዋሻ ድረስ ከ3000 ሜትር ወደሚበልጥ ከፍታ ይወጣሉ። በዚህ ላይ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብና ጭጋግ ሲጨመር፣ በከተማ ውስጥ ተደብቆ የቆየ ጉድለት ሁሉ መንገድ ላይ ይወጣል። ኮምቦልቻ ተቀምጬ ይህን መንገድ ባለ 1 ሊትር ሞተር መኪና ለብዙ ክረምት ስለተመላለስኩበት፣ ያጋጠመኝንና የተማርኩትን ምልክቱን ከምክንያቱና ከመፍትሔው ጋር አያይዤ እጽፋለሁ።

ቁልቁለት ላይ የተቃጠለ ሽታ ይሸታል፣ ወይም የፍሬን ፔዳሉ ይላላል

ከሁሉ አስቀድሜ ይህን የማነሳው የሰው ሕይወት የሚያልፈው በዚህ ስለሆነ ነው። ሐረጎን ሲወርዱ ወይም ከአዲስ አበባ ሲመለሱ ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ሲያሽቆለቁሉ፣ እንደ ተቃጠለ ላስቲክ ወይም እንደ ጋለ ብረት ያለ ሽታ ከሸተተዎት፣ የፍሬን ሸራው ከመጠን በላይ ግሏል ማለት ነው። እዚህ ላይ ሁለት ምልክቶችን ለይቶ ማወቅ ይገባል። ፔዳሉ እንደ ወትሮው ጠንካራ ሆኖ መኪናው ግን እምቢ ካለ፣ ሸራው ግሎ መያዝ አቅቶታል። ፔዳሉ ለስልሶ ወደ ታች ከሰመጠ ደግሞ ነገሩ የባሰ ነው፤ የፍሬን ዘይቱ ፈልቶ በቱቦው ውስጥ እንፋሎት ፈጥሯል፤ ዘይት ሲጫኑት አይጨመቅም፣ እንፋሎት ግን ይጨመቃል፤ ስለዚህ የእግርዎ ኃይል ጎማው ዘንድ አይደርስም።

ዘይቱ የሚፈላው በአብዛኛው ያረጀ ስለሆነ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ድረስ ሳይፈላ ይቆያል፤ ውሃ ሲጠጣ ግን የመፍያው ነጥብ ወደ 140 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። እንደ ደሴ ባለ ጭጋግ በማይለየው ከተማ የሚኖር ሰው በየሁለት ዓመቱ ዘይቱን ማስቀየር አለበት።

አንድ የነሐሴ ምሽት ከደሴ ስወርድ ፔዳሉ እየላላ መጣብኝ። ዳር ይዤ ቆሜ ስወርድ የፊተኛው ጎማ ቸርኬ ላይ ያረፈው የዝናብ ጠብታ ሁሉ ቸስ እያለ ይተን ነበር፤ እጄን አንድ ስንዝር ያህል አርቄ እንኳ ግለቱ ይሰማኝ ነበር። በማግሥቱ መካኒኩ የዘይት ዕቃውን ሲከፍት ዘይቱ እንደ ቆየ ሻይ ጠቁሮ አገኘነው፤ ከጥቂት ወራት በፊት «ተቀይሯል» ተብዬ የከፈልኩበት ዘይት ነበር። ከዚያ ወዲህ ዘይት ሲቀየር አጠገቡ ቆሜ አያለሁ።

መፍትሔው ቁልቁለቱን በማርሽ መውረድ ነው። አንድን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ የሚወጡት ከሆነ በሁለተኛ ይውረዱት። አውቶማቲክ መኪና ያለው ሰው በማርሽ መቀየሪያው ላይ ኤል፣ ቢ ወይም 2 የሚሉትን ምልክቶች ለዚሁ ይጠቀምባቸው። ፍሬን ሲይዙ ጠበቅ አድርገው ፍጥነቱን ይቀንሱና ይልቀቁ፤ እግርን ፔዳሉ ላይ አሳርፎ ቁልቁለቱን መጨረስ ሸራውን ያለ ዕረፍት ያግለዋል። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በፎሌ (ማርሽ ሳይገባ) መውረድ ደግሞ አደጋ ከመሆኑም በላይ ቁጠባውም የለም፤ ነዳጅ በኢንጀክሽን የሚረጩ መኪኖች በማርሽ ሲወርዱና ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ ነዳጁን ሙሉ በሙሉ ያቋርጣሉ፤ በፎሌ ሲሆን ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ማቃጠሉን ይቀጥላል።

ፔዳሉ አስቀድሞ ከላላ ደጋግመው በፍጥነት ይርገጡት፣ ማርሹን አንድ በአንድ ይቀንሱ፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ በቀስ ይሳቡ፤ በአንድ ጊዜ ከሳቡት እርጥብ አስፋልት ላይ የኋላ ጎማዎቹ ይንሸራተታሉ። ከቆሙ በኋላ መኪናውን በማርሽ ይዘው ከጎማው ሥር ድንጋይ ያድርጉ፤ በጋለው ፍሬን ላይ ግን ውሃ አያፍሱ፤ ብረቱ ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ። ፔዳሉ ጥንካሬው ቢመለስም እንኳ ዘይቱ ሳይቀየር ሌላ ቁልቁለት አይውረዱ።

ዳገት ላይ ሞተሩ ይሞቃል፣ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ይወጣል

ይህ የሸዋ ሮቢትና የደብረ ሲና ዳገት ችግር ነው። ብዙ ትንንሽ መኪኖች የሙቀት መርፌ የላቸውም፤ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ሰማያዊ፣ ሲግል ቀይ መብራት ብቻ ያሳያሉ። ቀዩ መብራት በበራ ጊዜ ደግሞ ብዙ ነገር አልፏል። ስለዚህ ከቆላው ወደ ዳገቱ ከመግባትዎ በፊት ሸዋ ሮቢት ላይ ቆመው መኪናው ሥር የሚንጠባጠብ ውሃ መኖር አለመኖሩን ማየት ይበጃል።

ምክንያቱን ለመረዳት አንድ ነገር ማስታወስ ይጠቅማል። ከፍታ በጨመረ ቁጥር ውሃ ቶሎ ይፈላል፤ 3000 ሜትር ላይ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የሞተር ውሃ ግን ሲሠራ ብዙ ጊዜ 90 ዲግሪ ይደርሳል። እንዳይፈላ የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ ጤነኛ ክዳን ግፊቱን ይዞ ውሃው ከ110 ዲግሪ በላይ እስኪደርስ ድረስ አያፈላውም። ላስቲኩ የደረቀ ወይም ስፕሪንጉ የደከመ ክዳን ግፊቱን ስለማይይዝ፣ በቆላው ምንም ያላሳየች መኪና ጣርማ በር አቅራቢያ ትፈላለች። ርካሽ ዕቃ ስለሆነ ሰው ይንቀዋል፤ እኔ ግን ከክረምት ጉዞ በፊት መጀመሪያ የማየው እርሱን ነው። ከክዳኑ ቀጥሎ የሚመረመሩት የማይዞር ቬንቲሌተር፣ የላላ ችንጋ፣ የሚያፈስ ቱቦ፣ የማይከፈት ቴርሞስታትና በጭቃ የተደፈነ ራዲያተር ናቸው።

ሙቀቱ መጨመሩን እንዳወቁ ኤሲውን ያጥፉ፤ ከዚያ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፍተው ነፋሱን ይጨምሩ። ሰው ይሞቀዋል እንጂ ማሞቂያው እንደ ሁለተኛ ራዲያተር ሆኖ የሞተሩን ግለት ይስባል። ይህ ካላበረደው ወይም እንፋሎት ከታየ፣ ሰፊ ቦታ ፈልገው ይቁሙና ሞተሩን ያጥፉ። ክዳኑን አይክፈቱ። ደብረ ሲና መግቢያ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ መኪናዬ በፈላችብኝ ቀን እጄን ወደ ክዳኑ ስሰድ ከኋላዬ የቆመ የከባድ መኪና ሾፌር ሮጦ መጥቶ ክንዴን ያዘኝና «አብሽር ወንድሜ፣ ይበርዳል፤ አንተ ብቻ አትንካው» አለኝ። ከአርባ ደቂቃ በኋላ በወፍራም ጨርቅ ሸፍኖ ጥቂት ብቻ ሲያዞረው እንኳ የቀረው እንፋሎት እያፏጨ ወጣ።

ከበረደ በኋላ ሞተሩን አስነሥተው ውሃውን በትንሽ በትንሹ ይጨምሩ፤ በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ በአንድ ጊዜ ማፍሰስ ቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛውን ክፍል) ሊሰነጥቀው ይችላል። የጨመሩት ውሃ ቶሎ ቶሎ የሚጎድል ከሆነ፣ በማርሚታው ነጭ ጭስ ያለማቋረጥ የሚወጣ ከሆነ፣ ወይም የሞተር ዘይቱ ወተት የገባበት ቡና መስሎ ከተገኘ፣ የቴስታታው ጋርኒሲዮን (ማሸጊያው) ተበላሽቷል፤ እንዲህ ያለችን መኪና በጭነት መኪና ማስጫን ይሻላል፤ መንዳት ሞተሩን ይጨርሰዋል።

መኪናው ዳገቱን አልወጣ ይላል፣ ሙቀቱ ግን ደህና ነው

ይህ ብዙ ጊዜ ብልሽት አይደለም። ቱርቦ የሌለው ሞተር በእያንዳንዱ 1000 ሜትር ከፍታ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህሉን ያጣል፤ ጣርማ በር ላይ ሲደርስ ወደ ሲሶው የሚጠጋ ጉልበቱ ጠፍቷል። አራት ሰውና ሻንጣ የጫነች መኪናን በሦስተኛ ማርሽ ነዳጅ እየረገጡ ማስጨነቅ ሞተሩን ያግላል እንጂ አያፈጥናትም። ቀድመው ማርሽ ይቀንሱ፣ ሞተሩ በደንብ ይዙር፣ ፍጥነቱ 30 ቢሆንም ይታገሡ። የሞተሩ ድምፅ ጨምሮ ፍጥነቱ ካልጨመረና ሽታ ካለው ግን ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነውና ጋራዥ ያስፈልገዋል። ፖርቶመጋላ ላይ የተከመረ ዕቃም ነፋሱን ስለሚይዝ ቢወርድ ይሻላል።

መስታወቱ ከውስጥ በጉም ይሸፈናል

እናቴን ይዤ ስሄድ፣ ደብረ ሲና ላይ በዝናብ የራሰ ጋቢዋን እንዲደርቅ ብላ የኋላ ወንበር መደገፊያ ላይ ዘረጋችው። ዋሻው ከመድረሳችን በፊት ፊት ለፊቴ ያለው መስታወት እንደ ወተት ነጣ፤ በእጄ የጠረግሁት ቦታ ሁሉ መልሶ ይሸፈን ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ከሰው ትንፋሽና ከራሰ ልብስ የሚወጣው እርጥበት ቀዝቃዛ መስታወት ሲነካ ወደ ውሃ ይለወጣል። የአየር ማስገቢያው ውስጡን አየር እንዲያዞር ተደርጎ ከተተወ ደግሞ እርጥበቱ መውጫ የለውም።

መፍትሔው አየሩ ከውጭ እንዲገባ አድርጎ፣ ሙቀቱን ከፍቶ፣ ነፋሱን ወደ ፊት መስታወት መምራትና ኤሲውን ማብራት ነው። ብዙ ሰው ኤሲ ለቆላ ሙቀት ብቻ የተሠራ ስለሚመስለው በደጋ ጭጋግ አያበራውም፤ ኤሲ ግን አየሩን ያደርቃል፤ ከማሞቂያው ጋር አብሮ ሲሠራ መስታወቱ በጥቂት ደቂቃ ይጠራል። ኤሲ የማይሠራ ከሆነ የሁለቱንም በኩል መስኮት አንድ ጣት ያህል ይክፈቱ፤ የራሰውን ልብስ በላስቲክ ከረጢት ቋጥረው የኋላ ኮፈን ውስጥ ያስገቡት። እጅ መስታወቱ ላይ ቅባት ስለሚተው፣ ማታ ሲመሽ የሚመጣው መኪና መብራት በቅባቱ ላይ ይበተናል፤ ስለዚህ በንጹሕ ደረቅ ጨርቅ ብቻ ይጥረጉ።

ጭጋጉ ከውጭ ከሆነስ? ረጅም መብራት አያብሩ፤ ብርሃኑ ከጭጋጉ ተመልሶ ዓይን ይጋርዳል። አጭር መብራትና የጭጋግ መብራት ይበቃል። አራቱንም ፍሬቻ እያበሩ መንዳት በዚህ መንገድ የተለመደ ነው፤ እኔ ግን አልደግፈውም፤ ከኋላ ያለው ሰው መቆምዎንም መታጠፍዎንም መለየት አይችልምና። አራቱ ፍሬቻ ለቆመ መኪና ይሁን።

መሪው በድንገት ይቀልላል

ከከሚሴ በኋላ ባለው ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ዝናብ ሲጥል መሪው በድንገት እንደ ባዶ ነገር ከቀለለ፣ ጎማው አስፋልቱን ለቆ ውሃ ላይ እየተንሳፈፈ ነው። ፍሬን አይርገጡ፣ መሪውን አያጣሙ፤ ነዳጅ መስጫውን ብቻ ለቀው ጎማው መልሶ እስኪይዝ መሪውን ቀጥ አድርገው ይያዙ። መንሥኤው ፍጥነት፣ ያለቀ የጎማ ጥርስና የጎደለ ነፋስ ነው። የጥርሱ ጥልቀት ከ3 ሚሊ ሜትር ካነሰ በክረምት ማስቀየሩ ይመረጣል። ያገለገለ ጎማ ሲገዙ ደግሞ ጎኑ ላይ ያለውን ባለ አራት አኃዝ ቁጥር ያንብቡ፤ 2319 ከተጻፈበት በፈረንጆቹ 2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ነፋሱን ጎማው ሳይሞቅ፣ ከቤት ሳይወጡ ያስለኩ፤ ስኮርታውንም አብረው።

ጎርፍ መንገዱን አቋርጧል

ጥልቀቱን የማያውቁትን ውሃ አይግቡበት። የሚፈስ ውሃ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲደርስ ትንሽ መኪናን አንሥቶ ሊወስድ ይችላል። የክረምት ጎርፍ ድንገት እንደሚሞላ ሁሉ ቶሎ ይጎድላልና ቆመው ይጠብቁ። ውሃ ውስጥ ሳሉ ሞተሩ ከጠፋ መልሰው አያስነሡት፤ ውሃ ወደ ሲሊንደሩ ገብቶ ከሆነ ሞተሩን ይሰብረዋል። ከተሻገሩ በኋላ ፍሬኑን ቀስ ብለው ሁለት ሦስት ጊዜ በመያዝ ሸራውን ያድርቁት።

ጠዋት ሞተሩ አይነሳም

መሽቶባቸው ደብረ ብርሃን የሚያድሩ ሰዎች ይህ ያጋጥማቸዋል፤ ከተማዋ 2800 ሜትር ከፍታን ያለፈች ናትና ሌሊቱ ይበርዳል፤ ብርድ ደግሞ የባትሪን ጉልበት ይቀንሳል፣ የሞተር ዘይትንም ያወፍራል። ቁልፉን ሲያዞሩ ጠቅ ጠቅ ብቻ ካለና የዳሽቦርድ መብራቱ ከደበዘዘ ችግሩ ባትሪው ነው። መጀመሪያ የባትሪውን ራስ ይዩ፤ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዝገት ካለበት በሙቅ ውሃ አጥበው፣ አድርቀው፣ ገመዱን ያጥብቁ። ጤነኛ ባትሪ ሞተሩ ጠፍቶ ሲለካ 12.6 ቮልት አካባቢ ነው፤ ሞተሩ ሲሠራ ወደ 14 ካልወጣ ግን የማይሞላው ዲናሞው ነው፤ ባትሪ መግዛት አይፈታውም።

ከሌላ መኪና ሲያስነሡ ቀዩን ገመድ መጀመሪያ ከደከመው፣ ቀጥሎ ከጤነኛው ባትሪ ፖዘቲቭ ጋር ያያይዙ፤ ጥቁሩን ከጤነኛው ኔጋቲቭ ጋር አያይዘው፣ የመጨረሻውን ጫፍ ከደከመው ባትሪ ራቅ ባለ የሞተር ብረት ላይ ያድርጉ፤ ብልጭታው ከባትሪው ጋዝ እንዳይገናኝ ነው። ሲነሳ ገመዶቹን ካያያዙበት በተቃራኒው ቅደም ተከተል ይንቀሉ። ከዚያ እስከ አዲስ አበባ ያለው 130 ኪሎ ሜትር ባትሪውን መልሶ ለመሙላት ይበቃል፤ ሸኖ ላይ ለቁርስ ቢቆሙ ግን ሞተሩን ሊያስገፉ በሚችሉበት ቁልቁለት ላይ ያቁሙ፤ መኪናው አውቶማቲክ ከሆነ ግፊት አያስነሣውምና ገመዱን ከኋላ ኮፈን ውስጥ አያውርዱ።