ለምናባዊ ጨዋታ ግዙፍ ጠባቂ ሐውልት እንዴት ይነደፋል?

ለምናባዊ የቪዲዮ ጨዋታ ግዙፍ ጠባቂ ሐውልት የሚነድፍ ሰው ከቁመቱ አስቀድሞ ሊወስን የሚገባው ተጫዋቹ ከየት አቅጣጫ እንደሚመጣ ነው። የአሦር ቀራጮች ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ንጉሥ ዳግማዊ ሳርጎን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ8ኛው መቶ ዘመን ባሠራው የዱር ሻሩኪን ቤተ መንግሥት በሮች ግራና ቀኝ የቆሙት፣ ላማሱ የተባሉት ባለ ክንፍ ኮርማዎች የሰው ራስና አምስት እግር አላቸው። ከፊት ለሚመጣ ሰው ሁለቱ የፊት እግሮች ጎን ለጎን ገጥመው ስለሚታዩት ጠባቂው ቀጥ ብሎ የቆመ ይመስለዋል፤ በሩን እያለፈ ከጎን ሲያየው ግን አራት እግሮች ይታዩታልና የሚራመድ ይመስለዋል። ለጨዋታ ነዳፊ ከዚህ የሚበልጥ አስተማሪ አላውቅም። ስለዚህ ካሜራውን በተጫዋቹ መንገድ ላይ አቁመው ሐውልቱ ከሩቅ፣ ከሥሩና ከጎኑ ሲታይ የሚኖረውን መልክ ለየብቻ ይንደፉ።

ቀጥሎ መጠኑን የሚያስረዳ ነገር ያስፈልጋል፤ 20 ሜትር የሚረዝም ድንጋይ በባዶ ሜዳ ላይ ብቻውን ቢቆም በስክሪን ላይ ትንሽ ሆኖ ይታያልና። በግብፅ አቡ ሲምበል የተቀመጡት አራቱ የፈርዖን ዳግማዊ ራምሴስ ሐውልቶች ቁመታቸው 20 ሜትር ያህል ሲሆን፣ በእግሮቻቸው አጠገብ የቆሙት የቤተሰቡ ምስሎች ከጉልበቱ አያልፉም። በአንደኛው እግር ላይ ደግሞ በጥንት ዘመን በዚያ ያለፉ ግሪካውያን ቅጥረኛ ወታደሮች የቀረጹት ጽሑፍ አለ። ከአራቱ የአንዱ ደረትና ራስ በመሬት መንቀጥቀጥ ወድቆ እግሩ ሥር ተጋድሟል፤ ቤተ መቅደሱ ከ1964 እስከ 1968 እ.ኤ.አ. ወደ ከፍታ ቦታ ሲዛወርም ፍርስራሹ እንደወደቀ እንዲቀመጥ ተደርጓል። እንዲህ ያለ ጭረትና ስብራት ለሐውልቱ ዕድሜ ይሰጠዋልና ንጹሕና እንከን የሌለው አድርገው አይተዉት።

ጠባቂዎቹ ጥንድ ከሆኑ አንዱን የሌላው ግልባጭ አያድርጉት። በጃፓን ቶዳይጂ ቤተ መቅደስ ደቡባዊ ታላቅ በር ላይ በ1203 እ.ኤ.አ. ከእንጨት የተሠሩት፣ ከ8 ሜትር በላይ የሚረዝሙት ጠባቂዎች አንዱ አፉን ከፍቷል፣ ሌላው ዘግቷል።

ከፈጠራ የመጣውንም መናቅ አይገባም። 33 ሜትር ያህል ይረዝም የነበረው የጥንቱ የግሪክ ደሴት የሮድስ የነሐስ ሐውልት ወደቡን በሁለት እግሩ አንፈራጦ ቆሞ ነበር የሚባለው ከዘመናት በኋላ የመጣ ምናብ ነው፤ ሆኖም መርከብ በእግሮቹ መካከል የሚያልፍበት ያ ምስል ለጨዋታ እጅግ ይመቻል። ሐውልቱ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ደግሞ ከታሎስ ይማሩ። በግሪክ ተረት ይህ የነሐስ ግዙፍ ቀርጤስን በቀን ሦስት ጊዜ እየዞረ በሚቀርቡ መርከቦች ላይ አለት ይወረውር ነበር፤ የሞተውም ቁርጭምጭሚቱ ላይ ያለችው አንዲት ሥር ተከፍታ ደሙ እንደ ቀለጠ እርሳስ ፈስሶ ነው። የእርስዎም ጠባቂ ድክመት ካለው ተጫዋቹ ገና ሐውልቱ ሳይነቃ፣ በሥሩ ሲያልፍ ሊያየው በሚችልበት ቦታ ያኑሩት።