ለእግር ቀዶ ሕክምና ስፓይናል (በጀርባ በኩል ወደ ህብለ ሰረሰር ፈሳሽ የሚሰጥ ማደንዘዣ) ሲሰጥ የትኛው መድኃኒት ይመረጥ?

አምፑሉን ከመስበርዎ በፊት ቀዶ ሐኪሙን ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ሥራው ስንት ሰዓት ይፈጃል? ታፋ ላይ ተርኒኬት (ደም የሚያግድ ማሰሪያ) ይታሰራል? ቁርጭምጭሚት ብቻ ቢሠራም፣ ተርኒኬቱ ታፋ ላይ ከሆነ ድንዛዜው እስከ እምብርት (ቲ10) መድረስ አለበት። አለዚያ አንድ ሰዓት ገደማ ሲሆን ታካሚው በማሰሪያው ሕመም መወራጨት ይጀምራል።

እስከ ሁለት ሰዓት ለሚፈጅ ሥራ ቀዳሚው ምርጫ 0.5 በመቶ ቡፒቫኬይን ነው፤ 2–3 ሚ.ሊ. (10–15 ሚ.ግ.)። ዋናው ውሳኔ ሄቪው ወይስ ፕሌይኑ (ግሉኮስ የሌለው) የሚለው ነው። ሄቪው በአንድ ሚ.ሊ. 80 ሚ.ግ. ግሉኮስ ስላለው ከህብለ ሰረሰር ፈሳሽ ይከብዳል፤ ወደ ዘቀዘቀው ጎን ይወርዳል። አንድ እግር ብቻ ማደንዘዝ ከፈለጉ ያንን እግር ወደ ታች አድርገው በጎን ያስተኙ፣ 1.5 ሚ.ሊ. በዝግታ ይስጡ፣ 15 ደቂቃ ሳያገላብጡ ያቆዩ። የደም ግፊት መውረዱ ይቀንሳል፤ ልባቸው ለደከመ አረጋውያን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ዋጋው ግን ድንዛዜው ቶሎ መልቀቁ ነው፤ መጠኑ ከበዛ ደግሞ ወደ ሌላው እግር ያልፋል።

ዳሌው የተሰበረ ሰው በተሰበረው ጎኑ መተኛት አይችልም። ለእሱ ፕሌይኑ ይሻላል፤ በሰውነት ሙቀት ከፈሳሹ በጥቂቱ ስለሚቀል ስብራቱ ወደ ላይ ሆኖ ይሰጣል። ሆኖም የት ድረስ እንደሚወጣ አስቀድሞ መገመት ያስቸግራል።

ሮፒቫኬይን (15–20 ሚ.ግ.) ጡንቻን ብዙም አያዝልም፤ ቀዶ ሐኪሙ የላላ እግር ከፈለገ አይመችም።

ሊዶኬይን ፈጥኖ ይይዛል፣ ፈጥኖም ይለቃል። ለጉልበት አርትሮስኮፒ (መገጣጠሚያን በካሜራ አይቶ ለሚሠራ ቀዶ ሕክምና) ግን አንመክረውም፤ ድንዛዜው ከለቀቀ በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ መቀመጫና ታፋ ላይ ለቀናት የሚቆይ ሕመም ሊያስከትል ይችላል። ከተገኘ 1 በመቶ ክሎሮፕሮኬይን (40–50 ሚ.ግ.) እስከ 40 ደቂቃ፣ 2 በመቶ ሄቪ ፕሪሎኬይን (40–60 ሚ.ግ.) ከዚያ ትንሽ ረዘም ላለ ሥራ ይበቃል። የትኛውም ቢሆን ለስፓይናል የተዘጋጀና ፕሪዘርቫቲቭ (እንዳይበላሽ የሚጨመር ኬሚካል) የሌለው ይሁን፤ ለቁስል ስፌት የሚቀዳው ባለብዙ ዶዝ ብልቃጥ ፈጽሞ ጀርባ ላይ አይሰጥም።

ኤል3–4 (በሦስተኛውና በአራተኛው የወገብ አከርካሪ መካከል) ወይም ከዚያ በታች በመርፌው ይግቡ። የህብለ ሰረሰር ፈሳሹ ያለ ችግር ካልተንጠባጠበ መድኃኒቱን አይግፉ፤ ስፓይናል «አልያዘም» ከሚባልባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው። ሃያ ደቂቃ ቆይቶ በከፊል ብቻ ከያዘ ሙሉ መጠን አይድገሙ፤ ድንዛዜው ደረት ድረስ ሊወጣና ትንፋሽ ሊያውክ ስለሚችል ወደ ሙሉ ማደንዘዣ መሻገር ይሻላል። ኢፌድሪንና አትሮፒን ቀድመው በስሪንጅ ተቀድተው ይቅረቡ፤ ግፊት ከወረደ ኢፌድሪን 5–10 ሚ.ግ.፣ የልብ ምትም አብሮ ከዘገየ አትሮፒን 0.5 ሚ.ግ. በደም ሥር ይሰጣል።

በአጥንት ቀዶ ሕክምና ክፍል ትራኔክሳሚክ አሲድ (መድማትን የሚቀንስ መድኃኒት) ስለማይጠፋ አምፑሉን ከቡፒቫኬይኑ ጋር በአንድ ትሪ አያስቀምጡ። ሁለቱ ተመሳስለው ትራኔክሳሚክ አሲዱ በስህተት ጀርባ ላይ ከተሰጣቸው ሰዎች በከባድ መንቀጥቀጥ የሞቱ አሉ። የአምፑሉን ጽሑፍ ከመቅዳትዎ በፊት ለረዳትዎ ድምፅ አውጥተው ያንብቡለት።