የአሜሪካን የመጀመሪያ መስፋፋት በካርታ ላይ ለማሳየት

ብሪታንያ የአሜሪካን ነጻነት ካወቀችበት ከ1783ቱ የፓሪስ ስምምነት ይነሡ፤ የምዕራቡ ወሰን ሚሲሲፒ ወንዝ ነው (ዓመታቱ በፈረንጆች ናቸው)። ቀጥሎ በፕሬዚዳንት ቶማስ ጄፈርሰን ዘመን፣ በ1803 ከፈረንሳይ በ15 ሚሊዮን ዶላር የተገዛችውን ሉዊዚያናን (ከዛሬዋ የሉዊዚያና ክፍለ ግዛት እጅግ የሰፋች ናት) በሌላ ቀለም ይሙሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ ግዛቱን በሙሉ ከወንዙ በስተ ምዕራብ ያደርገዋል። ኒው ኦርሊንስ ግን በምሥራቁ ዳር ናት፤ ጄፈርሰንም መጀመሪያ የፈለገው እሷን ነበር። ውሉ ወሰኑን በግልጽ ስላልለየ ዙሪያውን በነጠብጣብ ብቻ ይሥሩት። ድፍን መስመር የሚገባው በፕሬዚዳንት ጄምስ ሞንሮ ዘመን ነው፦ በ1818 ከብሪታንያ ጋር 49ኛው የሰሜን ኬክሮስ እስከ ሮኪ ተራሮች፣ በ1819 ከስፔን ጋር የሳቢን ወንዝ። ቴክሳስ ያኔ የስፔን ስለነበረች አይንኩ። ስፔን ፍሎሪዳን የለቀቀችበት ይኸው ውል በ1819 ተፈርሞ ርክክቡ በ1821 ስለሆነ ሁለቱንም ዓመት ይጻፉ። በቀለሙ ላይ የኦሴጅን፣ የላኮታንና የሌሎችን ነባር ሕዝቦች ስም ያስፍሩ፤ ፈረንሳይ የሸጠችው በአብዛኛው የይገባኛል ጥያቄዋን እንጂ በእጇ ያለ መሬት አልነበረም።