ትኩስ የሮስት ቢፍ ሳንድዊች፦ ሐሙስ ይገዛል፣ ቅዳሜ ይበላል

ይህን ሳንድዊች መጀመሪያ የሞከርኩት ቀን ያበላሸሁት በችኮላ ነው። ጠዋት ከሥጋ ቤት ይዤው የመጣሁትን ሥጋ ቀጥታ ኦቨን ውስጥ ከተትኩት። የወጣው ነገር ለጫማ ሶል ይሆን ነበር። እንግዶቼ ጨዋዎች ናቸው፣ "ይጣፍጣል" እያሉ አኘኩ፣ አኘኩ፣ መጨረሻ ላይ ሽሮ ሠራሁላቸው።

ሮስት ቢፍ ማለት ሳይቆራረጥ እንዳለ የተጠበሰ፣ ከዚያ በስሱ የተቆረጠ የበሬ ሥጋ ነው። እኛ የምንሠራው ደግሞ ስላይደር የሚሉትን፣ ከመዳፍ የማይበልጥና በሁለትና በሦስት ጉርሻ የሚያልቅ ሳንድዊች ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1921 ካንሳስ፣ ዊቺታ ላይ የተከፈተው ዋይት ካስል የሚባል በርገር ቤት በእንዲህ ያሉ ትንንሽ በርገሮች ነው ስም ያወጣው። የኛ ጉዳይ ግን ጎንደር ውስጥ፣ በኛ ሥጋና በኛ ምድጃ እንዴት ይሠራል የሚለው ነው። ከሁሉም የሚከብደው ሥጋው ስለሆነ ከእሱ እንጀምር።

ሐሙስ

ከብት እንደታረደ ሥጋው ለስላሳ ነው። ጥሬ ሥጋ የሚወድ ሰው ትኩሱን የሚሻማው ለዚህ ነው። ሰዓታት ሲያልፉ ግን ሥጋው ይጠነክራል፣ ግትር ይላል፣ በዚያ ሰዓት እሳት ካገኘው አለቀለት። አንድ ሁለት ቀን ቀዝቃዛ ቦታ ከቆየ መልሶ ራሱን ያለሰልሳል። ታዲያ ለኛ ይህ ነገር ከፆማችን ጋር ልክ ይገጥማል፤ ሐሙስ ትገዛላችሁ፣ ዓርብ እናንተም ትፆማላችሁ ሥጋውም ፍሪጅ ውስጥ ያርፋል፣ ቅዳሜ ታበስሉታላችሁ። ዓርብ ማታ ፍሪጁን ከፍቶ ማየት አይከለከልም።

ሥጋ ቤት ስትሄዱ 1 ኪሎ ሽንጥ በሉ፣ ቶሎ ደግሞ "ሳይቆራረጥ!" በሉ። ባለሥጋ ቤቱ እጁ ጥብስ ለምዷል፣ ቢላዋው ከአፋችሁ ይቀድማል። እኔ አንዴ ሒሳብ ልከፍል ዞር ስል ግማሹን ከትፎት ጠበቀኝ። ጭቅና ካገኛችሁና ኪሳችሁ ከፈቀደ እሰየው፣ ግን ግዴታ አይደለም። ፍርምባ ከሆነ የተሰጣችሁ ኦቨኑን ተዉት፣ እሱ የድስት ሥጋ ነው፣ ወደ ታች እመለስበታለሁ።

ቤት ስትገቡ ሥጋውን በንጹህ ጨርቅ አድርቁት። 2 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 1 የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ፣ የተከተፈ የጥብስ ቅጠል፣ ካላችሁ ደግሞ ትንሽ ጦስኝ። የሰሜን ተራራው ጦስኝ ከሻይ ሌላ ምን ያደርጋል ለሚል ሰው መልሱ ይሄ ነው። ዙሪያውን እሹት፣ ጎድጓዳ ሳህን ላይ አድርጉና ፍሪጁ ውስጥ የታችኛው መደርደሪያ ላይ አስቀምጡት። መብራት ከጠፋ በሩን አትክፈቱ፤ የተዘጋ ፍሪጅ 4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ከዚያ በላይ የሚቆይ ከመሰለ ግን ቅዝቃዜው ሳይለቀው አብስሉት፣ ከሥጋ ጋር ቁማር አያስፈልግም።

ቅዳሜ

ሥጋውን ከማብሰላችሁ በፊት ለግማሽ ሰዓት ያህል አውጡት። ወፍራም መጥበሻ በደንብ አግሉ፣ ትንሽ ዘይት፣ ከዚያ ሥጋውን በሁሉም ጎኑ ቡናማ እስኪሆን አገላብጡት። መዓዛውና ጣዕሙ ከዚህ ቡናማ ቆዳ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ አትሳሱ። መጥበሻውን አትጠቡት! ሥሩ ላይ የተጣበቀው ነገር ኋላ ላይ ያስፈልገናል።

ኦቨኑን 130 ዲግሪ ላይ አድርጉና ሥጋውን ክተቱ። እንደ ውፍረቱ ከ1 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ዝግ ያለ እሳት ነው የምንፈልገው፤ የኛ በሬ ሲያርስ የኖረ ነው፣ ጮማው ትንሽ፣ ጡንቻው ብዙ፣ እሳት ከበዛበት ይኮማተራል። የሥጋ ቴርሞሜትር ካላችሁ መሀሉን ስትወጉት 63 ዲግሪ ሲያሳይ አውጡት። ፈረንጆቹ ከዚህ በታች አውጥተው ቀይ ቀይ እንዳለ ይበሉታል፣ በኛ ቋንቋ ለብለብ መሆኑ ነው። ክትፎ ለሚወድ ሰው ይህን አትብላ ማለት ከባድ ነው፣ ግን የኮሶ ትል ባለበት አገር፣ በተለይ ልጆች ካሉ፣ 63 ላይ ባትደራደሩ ይሻላል። ቴርሞሜትር ከሌለ በቀጭን ቢላዋ መሀሉ ድረስ ወጋ አድርጉት፤ የሚወጣው ፈሳሽ ደም የሚመስል ከሆነ ገና ነው።

ከወጣ በኋላ ፎይል ሸፈን አድርጋችሁ 20 ደቂቃ ተዉት። እዚህ ላይ ሁሉም ሰው ይቸኩላል። ወዲያው ከቆረጣችሁት ጭማቂው መክተፊያው ላይ ይቀራል።

እስከዚያው በዚያ ባልታጠበው መጥበሻ ላይ 3 ትልልቅ ቀይ ሽንኩርት በስሱ ቆርጣችሁ ከትንሽ ቅቤ ጋር ቀስ ብላችሁ አቁላሉ፣ ቢያንስ 25 ደቂቃ። ከዚያ 1 ኩባያ ውሃ ጨምሩና ሥሩን በእንጨት ማንኪያ ፋቅ ፋቅ አድርጉት፣ ጥሩ መረቅ ይወጣችኋል። ሽንኩርቱን ለብቻ አውጡት፣ መረቁን አቆዩት።

አሁን ቢላዋ ሳሉ። የሥጋውን ክር ተመልከቱና ክሩን አቋርጣችሁ፣ ከኋላው ብርሃን የሚታይ እስኪመስል ድረስ ስስ አድርጋችሁ ቁረጡ። በክሩ አቅጣጫ ከቆረጣችሁት ሁለት ቀን የጠበቃችሁት ሁሉ ከንቱ ነው፣ መልሶ ገመድ ይሆንባችኋል። የተቆረጠውን ሞቅ ባለው መረቅ ውስጥ ነከር አድርጉት፣ አታፍሉት።

ኦቨን ለሌለው

ፍርምባም ይሁን ሽንጥ ወፍራም ድስት ውስጥ ጠበስ አድርጉት፣ ሽንኩርትና 2 ኩባያ ውሃ ጨምሩ፣ ክዳኑን ግጠሙና በዝግተኛ ከሰል ወይም ምድጃ ላይ 3 ሰዓት ተኩል ተዉት፣ ውሃው እንዳያልቅ አልፎ አልፎ እያያችሁ። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃችን የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ኢንተርኔት ላይ "2 ሰዓት ተኩል" የሚል ካያችሁ ለቆላ ሰው ነው። በዚህ መንገድ የተሠራው በስሱ አይቆረጥም፣ በሹካ ይበጣጠሳል፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለኔ እንዲያውም ይኼኛው ይበልጥብኛል።

ዳቦው፣ ሰናፍጩ፣ ቺዙ

ዳቦ ቤት ትንንሽ ክብ ዳቦ ካለ 12 ፍሬ ግዙ። ካልሆነ 400 ግራም የስንዴ ዱቄት፣ 200 ሚሊ ለብ ያለ ወተት፣ 1 እንቁላል፣ 50 ግራም ለጋ ቅቤ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጨውና 1 የሻይ ማንኪያ ደረቅ እርሾ አቡኩ። ደጋ ላይ ሊጥ ቶሎ ስለሚነሳ እርሾ አታብዙ፣ እጥፍ ሲሆን ይበቃዋል። 12 ቦታ ድቡልቡል አድርጉ፣ ትሪ ላይ አጠጋግታችሁ ደርድሩ፣ እንደገና ትንሽ ይነሳ፣ ከዚያ 180 ዲግሪ ላይ 20 ደቂቃ።

ፈረንጅ እዚህ ላይ የሚያቃጥል ሥር ይጠቀማል፣ እኛ ሰናፍጭ አለን። የሰናፍጭ ዱቄቱን በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡና 10 ደቂቃ ተዉት። ሙቅ ውሃ ከነካው ያ አፍንጫ የሚሰነጥቀው ነገር ይሞታል። 2 የሾርባ ማንኪያ ከበጠበጣችሁት፣ 4 ማንኪያ ማዮኔዝ፣ ትንሽ ሎሚ፣ አለቀ።

አይብ አታድርጉ። እኔም ሞክሬዋለሁ፣ አይብ በእሳት አይቀልጥም፣ ይደርቃል እንጂ። ሞዛሬላ ወይም ፕሮቮሎኔ የሚባለው፣ በእሳት የሚቀልጥ ቺዝ ነው የሚሆነው።

ዳቦዎቹን እርስ በርስ ሳትለያዩ በአግድም መሀል ለመሀል ሰንጥቁ፣ ታችና ክዳን እንዲሆኑ። የታችኛውን ግማሽ የተቆረጠ ገጽ ቅቤ ቀብታችሁ መጥበሻ ላይ ጠበስ አድርጉት፣ አለበለዚያ መረቁ ያርሰዋል። ሰናፍጭ፣ ሥጋ፣ ሽንኩርት፣ ቺዝ፣ ከዚያ ክዳኑ። ላዩን በቀለጠ ቅቤና በተፈጨ ነጭ ሽንኩርት ቀቡት፣ ሰሊጥ በትኑበት። ፎይል ሸፍናችሁ 175 ዲግሪ ላይ 12 ደቂቃ፣ ፎይሉን አንስታችሁ ደግሞ 5 ደቂቃ። ኦቨን ከሌለ ክዳን ባለው ሰፊ መጥበሻ በዝግተኛ እሳት ቺዙ እስኪቀልጥ።

የቀረውን መረቅ በትንንሽ ሲኒ አቅርቡ፣ እየነከሩ ነው የሚበላው። ነጠላችሁን አርቁ። የተረፈ መረቅ ካለ እሑድ ጠዋት አሙቁና እንጀራ ፈርፍሩበት። ሳንድዊቹን ዘግይቶ የመጣ እንግዳ ከጠየቃችሁ ደግሞ እስከ ሐሙስ ይጠብቅ።