ጥንድ ክላውንፊሽ ቀለም ሲቀይሩ ምን ይደረጋል?

ትናንት ደማቅ ብርቱካናማ የነበረችው ክላውንፊሽ፣ አኳሪየም ውስጥ የምናሳድጋት ትንሽ የባሕር ዓሣ፣ ዛሬ ጎኗ ላይ ጥቁር ነገር ይዛ ብቅ ስትል ሰው ይደነግጣል። የድስት ጥላሸት የነካት ነው የምትመስለው። እባካችሁ መድኃኒት ለመጨመር አትቸኩሉ። መዳብ ያለበት መድኃኒት አኔሞኒውንም (ክላውንፊሽ የሚጠለሉበትን፣ አበባ የሚመስለውን ተናዳፊ የባሕር እንስሳ)፣ ኮራሉንም፣ ሽሪምፑንም ይጨርሳል።

መጀመሪያ ሰዓቱን እዩ። ክላውንፊሽ ሌሊት ይደበዝዛሉ። መብራት እንደበራ ፈዘው ካያችኋቸው ግማሽ ሰዓት ያህል ጠብቁ። ቀለማቸው ከተመለሰ ምንም አልሆኑም፤ ገና ከእንቅልፍ መንቃታቸው ነው።

ከዚያ ጥንዶቹን ለዩ። ትልቋ ሴቷ ናት፣ ትንሹ ወንዱ። ክላውንፊሽ መጀመሪያ የሚደርሰው ወንድ ሆኖ ነው፤ ሴቷ ከሞተች ወንዱ ራሱ ሴት ይሆናል። ማሩን በሚባለው ዝርያ ወንዱ ደማቅ ቀይ ሲሆን ሴቷ እየገዘፈች ስትሄድ ትጠቁራለች። እሱን የያዛችሁ አትስጉ። ኦሴላሪስ በሚባለው የተለመደ ዝርያ ግን ጾታውን የሚነግራችሁ መጠኑ እንጂ ቀለሙ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ፦ የት ነው የምትተኛው? በቅርቡ አዲስ አኔሞኒ ወይም ኮራል አስገብታችኋል? እንግዲያው ማታ መብራት ከመጥፋቱ በፊት አኳሪየሙ ፊት ቁጭ በሉ። ሆዷንና ጉንጯን እያሻሸች እሱ ውስጥ ስትገባ ታያላችሁ። ጥቁሩ የወጣው እዚያው በምታሻሸው ቦታ ከሆነ የአኔሞኒው ወይም የኮራሉ ንድፊያ ያመጣው ነው። ብዙ ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ራሱ ይለቃል። ወንዱ ንጹህ ሆኖ እሷ ብቻ ብትጠቁርም አይግረማችሁ፤ ምርጡን ቦታ የምትይዘው እሷ ናት። በየቀኑ በአንድ ሰዓትና በአንድ ዓይነት መብራት በስልካችሁ ፎቶ አንሷት፣ ለውጡ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ውሃውንም ለኩ። ከዓሣ ቆሻሻ የሚመጡት መርዞች፣ አሞኒያና ናይትራይት፣ 0 ይሁኑ፤ ሙቀቱ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ፣ የጨው መጠኑ (በአንጻራዊ ጥግግት ሲለካ) 1.025 አካባቢ።

መቸኮል ያለባችሁ እንዲህ ሲሆን ነው። የጨው ቅንጣት የመሰለ ነጭ ነጥብ ከወጣባቸው፣ እርድ የተነሰነሰባቸው ከመሰሉ፣ ወይም ቆዳቸው ዝልግልግ አውጥቶ ነጣ ነጣ ካለ ጥገኛ ተሕዋስ ይዟቸዋል። ምግብ እምቢ ካሉና ቶሎ ቶሎ ከተነፈሱማ አንድ ቀን አታሳድሩ። ዝልግልጉ ብሩክሊኔላ የሚባለው ጥገኛ ተሕዋስ ሊሆን ይችላል፤ እሱ በቀናት ውስጥ ይገድላል። አንዷ ብቻ ብትታመምም ሁለቱንም ወደ ሌላ ገንዳ አውጥታችሁ እዚያ አክሟቸው።

ወንዱ እሷ ፊት ሲንቀጠቀጥ ካያችሁ ግን በሽታ አይደለም፤ «እሺ፣ አንቺ ነሽ አለቃ» ማለቱ ነው። ክንፉ ተቀዳዶ ጥግ ላይ ተወሽቆ ከገረጣ ግን እየደበደበችው ነው፣ ለዩአቸው።

ብርቱካናማው ራሱ በወራት ውስጥ እየሳሳ ከሄደ ምግቡን መርምሩ። ያንን ቀለም የሚያገኙት ከሚበሉት ነው። በደረቅ ምግብ ብቻ ከያዛችኋቸው የተከተፈ ሽሪምፕና ክሪል (ሽሪምፕ የሚመስል ትንሽ የባሕር እንስሳ) ጨምሩላቸው።