ለአሮጌ የ8255 ካርድ ድራይቨር ስትጽፉ

በቀደም ጓደኛዬ አንድ አሮጌ የአይኤስኤ ካርድ (የድሮ ኮምፒውተር ውስጥ የሚሰካ) ይዞልኝ መጣ። ሲዲ የለው፣ ማኑዋል የለው። ትልቁ ቺፕ ላይ ግን 8255 የሚል ይነበባል። እሱን ካየሁ በቃኝ።

8255 ኮምፒውተሩን ከውጭ መሣሪያ ጋር የሚያገናኝ ቺፕ ነው፤ ኤ፣ ቢ እና ሲ የሚባሉ ሦስት ፖርቶች አሉት። እያንዳንዱ 8 ቢት፣ በድምሩ 24 መስመር። አራተኛው አድራሻ መቆጣጠሪያው ነው። መነሻ አድራሻውን ከካርዱ ዲፕ ስዊች (ካርዱ ላይ ካሉት ትንንሽ ማብሪያ ማጥፊያዎች) አንብቡ። ብዙ ካርዶች ላይ ኦን ማለት 0 ነው። እኔ አንዴ ገልብጬ አንብቤው ግማሽ ቀኔን በልቶኛል።

ወደ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) አትሩጡ። መጀመሪያ ሊኑክስ ላይ ሩት (ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ) ሆናችሁ፣ አድራሻዎቹን በቀጥታ ለመንካት በአዮፐርም (ioperm) ፈቃድ ውሰዱና በትንሽ የሲ ፕሮግራም ሞክሩ። መቆጣጠሪያው ላይ 155 ከጻፋችሁ ሁሉም ፖርት ማስገቢያ ይሆናል፤ 128 ከጻፋችሁ ሁሉም ማስወጫ።

ጉዱ እዚህ ጋ ነው። ሞድ (ፖርቶቹን ማስገቢያ ወይም ማስወጫ የሚያደርገውን ቁጥር) በጻፋችሁ ቁጥር ማስወጫዎቹ በሙሉ ወደ 0 ይመለሳሉ። ሪሌዎቻችሁ (በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ማብሪያዎች) በ0 የሚበሩ ከሆኑ፣ 128ን በጻፋችሁ ቅጽበት ሁሉም ቀጭ! ይላሉ። ሞተር ታስሮባቸው ከሆነ አስቡት። ስለዚህ ድራይቨሩ ሞዱን ሲነሳ አንዴ ብቻ ይጻፍ፣ ወዲያው ፖርቶቹ ላይ 255 (ሁሉም ቢት 1) ያስቀምጥ። የሪሌዎቹን ኃይል ከዚያ በኋላ ስጡ።

አንድ ቢት ለመቀየር ፖርቱ ላይ የጻፋችሁትን የመጨረሻውን ቁጥር ሜሞሪ ላይ ያዙ፤ ሁለት ፕሮግራም እንዳይሻማበት በሎክ (በአንድ ጊዜ አንዱን ብቻ በሚያስገባ ቁልፍ) ጠብቁት። ከርነል ውስጥ ስትገቡ አድራሻውን በሪኩዌስት ሪጅን (request_region) አስመዝግቡ፣ ስትወጡ ልቀቁ። አዮፖርትስ (/proc/ioports) ዝርዝር ውስጥ የድራይቨራችሁን ስም ካያችሁ ገብቷል።