ያጠራቀማችሁት የዝናብ ውሃ ሸተተ? ከምልክቱ ወደ መፍትሄው

ሰኔ ግም ሲል ስልኬ አያርፍም። ግማሹ ደዋይ «አሸንዳ ትገጥማለህ ወይ?» ባይ ነው፤ ሌላው ግማሽ ባለፈው ክረምት አስገጥሞ የተማረረ ነው። ይህን የምጽፈው ለተማረረው ነው። አዲስ ጀማሪም ያንብበው፤ ሌላው ከስሮበት ከተማረው ላይ መነሳት ገንዘብ ያድናል።

ቧንቧው መከፈቱን፣ ታንከሩ አለመቀደዱን አይታችኋል ብዬ እጀምራለሁ። አንድ ሒሳብ ብቻ ያዙልኝ፦ 1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲዘንብ 1 ሊትር ውሃ ነው። 80 ካሬ ቤት ላይ 10 ሚሊ ሜትር ቢጥል 800 ሊትር፤ የሚፈናጠረውንና የሚባክነውን ቀንሳችሁ 640 በሉት። ካሬው የሚለካው ጣሪያው መሬት ላይ በሸፈነው ልክ ነው፣ በቆርቆሮው ርዝመት አይደለም።

ታንከሩ አይሞላም

ዶፍ ሲጥል አድሮ ጠዋት ታንከሩን ሲያንኳኩት ባዶ ይጮሃል። ጃንጥላ ይዛችሁ ዝናቡ ላይ ውጡና አሸንዳውን እዩት። ውሃው በጠርዙ ዘልሎ ግድግዳ የሚያጥብ ከሆነ፣ ቅጠል ካልዘጋው በቀር ተዳፋቱ ተበላሽቷል። በየ1 ሜትሩ 1 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ማለት ይበቃዋል። ገጣሚዎች ግን የጣሪያውን ጠርዝ ጣውላ አምነው በዓይን ግምት ይሰቅላሉ፤ ጣውላው ደግሞ ቀጥ ያለ ይመስላል እንጂ አይደለም። ግንበኞች የሚሠሩበትን ባለ ቱቦ ውሃ ልክ ተጠቀሙ። ቤቱ 12 ሜትር ከሆነ መውረጃውን መሀል ላይ አድርጋችሁ ከሁለቱም ጫፍ ወደዚያ አዘንብሉት።

የአዲስ አበባን በረዶ አትርሱ። በረዶ አሸንዳ ውስጥ ተከምሮ ሲከብድ ማንጠልጠያዎቹ ከተራራቁ አሸንዳው ይጎብጣል፤ አንዴ ከጎበጠ ሁልጊዜ እዚያው ላይ ውሃ ያቁራል። በየ60 ሴንቲ ሜትሩ አንድ ማንጠልጠያ በቂ ነው። በአውራ ጣት ሲጫኑት የሚሰረጉድ ላሜራ ግን አትግዙ። ሻጩ «ሁሉም ሰው የሚወስደው ይሄን ነው» ይላችኋል። እውነቱን ነው፣ ለዚህም ነው ሁሉም ሰው የሚደውልልኝ።

ውሃው ይሸታል

ከአሥር ጥሪ ስድስት ሰባቱ ይኸው ነው። ምልክቱ አንድ ዓይነት ነው፦ ሰኔ ላይ ውሃው ደህና ነበር፣ ሐምሌ አጋማሽ ላይ ቢጫ አለ፣ ነሐሴ ላይ የበሰበሰ እንቁላል መሽተት ጀመረ። ባለቤቱ ታንከሩን ያጥባል፣ በሳምንቱ ተመልሶ ይሸታል። ከዚያ በኋላ ታንከሩ ነው የሚረገመው። ታንከሩ ምንም አላደረገም።

ምክንያቱ የጣሪያው እጣቢ ነው። የመጀመሪያው ዝናብ የርግብ ኩስ፣ የመንገድ አቧራ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል ጠርጎ ይወርዳል። ይህ እጣቢ ታንከር ሳይገባ ሌላ ቦታ መቅረት አለበት። ለዚህም ከአሸንዳው በሚወርደው ቧንቧ ላይ ቲ (ባለ ሦስት አፍ መገጣጠሚያ) ይገባና አንዱ ጫፍ ወደ እጣቢ መያዣ ይወርዳል፤ መያዣው ሲሞላ ንጹሑ ውሃ ወደ ታንከር ያልፋል። ዝናቡ ካባራ በኋላ መያዣው ከታች ባለች ትንሽ ቀዳዳ ቀስ ብሎ ራሱን ማራገፍ አለበት፣ ለሚቀጥለው ዝናብ ባዶ ሆኖ እንዲጠብቅ። ነገሩ ሁሉ የሚበላሸው እዚህችው ማራገፊያ ላይ ነው።

ኮተቤ አካባቢ አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ደውለው «ልጄ፣ ታንከሩን ሦስት ጊዜ አሳጠብኩት፣ ውሃው የሞተ አይጥ ይሸተኛል» አሉኝ። ሄድኩ። መያዣው ተገጥሟል፣ ግን የታችኛው ክዳን በሙጫ ተለጥፏል! የገጠመው ሰው «ያንጠባጥባል» ብለው እንዳይወቅሱት ዘግቶት ሄዷል። በመጋዝ ስቆርጠው የወጣው ነገር አተላ ነው፦ ጥቁር፣ ወፍራም፣ መሀሉ ላይ የርግብ ላባና አንድ የማስቲካ ወረቀት። መያዣው ሁልጊዜ ሙሉ ስለሆነ አዲሱ እጣቢ በላዩ እያለፈ በቀጥታ ታንከር ይገባ ነበር። አተላውን ያዩት ጊዜ መምህርቷ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው «ይሄን ነው የጠጣሁት?» አሉ። ቡና ብቻ ነው ያፈላሁበት ብለው ራሳቸው ተጽናኑ።

ሁለተኛው አንድ መዋዕለ ሕፃናት ነው። እዚያ ሙጫ የለም፣ ማራገፊያዋም በትክክል ተሠርታለች። ግን ጋሼ ጥበቃው በጨርቅ ወትፈዋታል። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው ተቆጡ፦ «ውሃ በፈረቃ እየጠበቅን፣ ሌሊቱን ሙሉ ጠብ ጠብ ሲል ልየው?» ምን ልመልስላቸው? በሳምንት ሁለት ቀን ውሃ የሚመጣበት ሰፈር ላደገ ሰው የሚያንጠባጥብ ነገር ማየት ያማል። እኔንም ያመኛል። ስለዚህ ማስረዳቱን ትቼ ማራገፊያዋን በቀጭን ቱቦ ወደ ጎመን መደባቸው መራኋት። ከዚያ ወዲህ ጨርቅ አላየሁም፤ ይልቅ ቱቦዋ ስትደፈን ጠርገው የሚለቋት እሳቸው ናቸው።

መፍትሄው እንግዲህ ይኸው፦

መጠኑን አሳንሳችሁ አትሥሩ። ለ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ቢያንስ ግማሽ ሊትር እጣቢ ያዙ፣ አስፋልት ዳር ወይም ዛፍ ሥር ከሆነ እጥፍ። ለ80 ካሬ ዝቅተኛው 40 ሊትር ነው። ገበያ ላይ የሚሰቅሉላችሁ አንድ ሜትር የባለ 110 ሚሊ ሜትር ቧንቧ ግን 9 ሊትር እንኳ አይሞላም። ያ ለታይታ ነው። የ60 ሊትር የፕላስቲክ በርሜል ርካሽና የተሻለ ነው፤ ክዳኑ ግን ጥብቅ ይሁን፣ አለዚያ በርሜሉ ሲሞላ ውሃው በክዳኑ ገንፍሎ ታንከሩ ጋ ሳይደርስ ይቀራል።

ማራገፊያዋን በ2 ሚሊ ሜትር መብሻ ብሱ። በጋለ ምስማር አትብሱ፤ ጠርዙ ስለሚያብጥ በሳምንት ውስጥ ጭቃ ይይዛል። ቀዳዳዋ ከበርሜሉ ግርጌ ሁለት ጣት ከፍ ብላ ጎን ላይ ትሁን፣ ደለሉ ከሥሯ እንዲቀር። በዚህ ስፋት 40 ሊትር ለማራገፍ ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ዝናቡ ካላቋረጠ በሰዓት አንድ ጀሪካን ገደማ በዚያ ይወጣል፤ ለጎመን ምሩት ወይም ጀሪካን ደቅኑለትና ለሽንት ቤት አድርጉት። አትዝጉት! ደለሉን ደግሞ በወር አንዴ ጥረጉ።

ከረጅም ደረቅ ወራት በኋላ የሚመጣውን የመጀመሪያ የበልግ ዝናብ ጨርሶ አታስገቡ። ቧንቧውን ነቅላችሁ መሬት ላይ ልቀቁት።

የሸተተውን ውሃ ክሎሪን ጨምሬ አድነዋለሁ አትበሉ። ደለል እያለ ክሎሪኑ ደለሉ ላይ ያልቃል። መጀመሪያ አራግፉ፣ ፈግፍጉ፣ ከዚያ ነው ክሎሪን። ታንከሩ ውስጥ ወይም የመሬት ጉድጓድ ውስጥ ማንም ብቻውን አይግባ፤ አየሩ ሰው ይጥላል። ሌላ ሰው ከላይ ቆሞ ገመድ ይያዝ፣ የታች ሰው ከተዝለፈለፈ ላድነው ብሎ ተከትሎ አይዝለል። ለመጠጥ ከሆነ ካጠራችሁት በኋላ አፍሉት ወይም «ውሃ አጋር» የሚባለውን የውሃ ማከሚያ ክሎሪን መለያው ላይ በተጻፈው ልክ ጨምሩ። አሮጌ ቀለም የሚላጥበት ጣሪያ ውሃ ለመጠጥ አይሁን።

ስለ መጠጥ ካነሳን፣ መቂና ዝዋይ አካባቢ ላላችሁ የዝናብ ውሃ ከሌላ ቦታ ይልቅ ልፋቱን ይክሳል። በስምጥ ሸለቆ ብዙ የጉድጓድ ውሃ ላይ ፍሎራይዱ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው 1.5 ሚሊ ግራም በሊትር ይበልጣል፤ የልጆቹ ጥርስ ቡናማ የሚሆነው በዚያ ነው። ዝናብ ላይ ፍሎራይድ የለም ማለት ይቻላል።

የቀሩት

ውሃው አረንጓዴ ሆነ፦ ብርሃን ይገባዋል። ጥቁር ታንከር ወይም ጥላ።

የትንኝ እጭ ታየ፦ ላይኛውን ክዳን ወንፊት አልብሳችሁት ሞልቶ መፍሰሻውን ረስታችኋል። ሁሉም ይረሳዋል።

ቧንቧው ጭቃ ይቀዳል፦ መቅጃው ግርጌ ላይ ነው፤ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጉት። እግረ መንገዳችሁን በሁለተኛው ወር እጀታው እጃችሁ ላይ የሚቀረውን የፕላስቲክ ቧንቧ በነሐስ ቀይሩት።

ታንከሩ ዘመመ፦ 2,000 ሊትር 2 ቶን ነው። ለስላሳ አፈር ላይ ብሎኬት ደርድራችሁ 2 ቶን አትጫኑ፣ ከሥሩ የሚጫወት ልጅ አለ። ኮንክሪት አስደፉ። እሱ እስኪደርቅ ታንከሩ ባዶውን ይቀመጥ፣ ዝናቡ ቢያመልጣችሁም።